ገብሳችንና ኮረፌያችን በአገራቸው ስም ይጠሩ

ከደባርቅና ከዳባት ገበያ የሚገዛው ገብስ ወደ ጎንደር በሚጫንበት ጊዜ በጭነቱ ደብዳቤ ላይ የሚሰፍረው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ገብስ» የሚል ነው። ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ፣ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ለቆሎና ለበሶ ይሁን ለመጠጥ የሚሻል እንደ ሆነ አይገለጽም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የእህል ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ይህን የመሰለ ወረቀት በየዕለቱ በእጁ ያልፋል። ዛሬ አሳቤን ለማቅረብ የፈለግሁት ከወረቀቱ ላይ ስለ ጎደለው ስለ አገሩ ስም ነው። ጉዳዩን ለማስረዳት ግን አስቀድሜ የተከበሩ አንባብያንን ለጥቂት ጊዜ ወደ ጀርመን አገር መውሰድ ግድ ሆኖብኛል።

ጀርመን በሕግ የታወቁ 13 የወይን አውራጃዎች አሏት። ከነዚህም መካከል በራይንና በሞዜል ወንዞች ዳር ያሉት በዓለም ገበያ ስማቸው ከተሰማ ብዙ ዘመን ሆኗል። ዛሌ ኡንስትሩት የሚባለው አውራጃ ግን እንደ ራይንና እንደ ሞዜል በወንዝ ስም ቢጠራም፣ በአገሩ ምሥራቃዊ ክፍል ናውምቡርግና ፍራይቡርግ በሚባሉት ትንንሽ ከተማዎች ዙሪያ ብዙ ሳይወራለት የሚኖር ጸጥተኛ አገር ነው። የወይን እርሻው ከ800 ሄክታር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ከጠቅላላው የጀርመን ወይን እርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በ51ኛው የሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሚገኝም ብርዱ ወይን ለማብቀል የሚያስቸግር ነው።

ገበሬው ወይኑን የሚተክለው ከወንዙ በላይ ባለው ገደላማ ኮረብታ፣ ያለ ጭቃ በተካበ የድንጋይ እርከን ላይ ነው። ድንጋዩ ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ማታ ለተክሉ ይመልስለታል። እንዲህም ሆኖ ውርጭ አይምረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ወር የወረደው ውርጭ የዚያን ዓመት ሰብል አብዛኛውን አጥፍቶታል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የሚገኘው መጠጥ በብዛት ነጭ የወይን ጠጅ ነው። ሙለር ቱርጋው፣ ቫይስቡርጉንደርና ሲልቫነር ከሚባሉት የወይን ዓይነቶች የሚጠመቅ ሆኖ፣ ስኳሩ በመብላላት ያለቀ፣ ቀለል ያለና ኮምጠጥ የሚል ነው። በሙቅ አገር እንደሚጠመቀው ወይን ጠጅ የሚከብድና የሚጣፍጥ አይደለም። የዚያ አገር ሰዎችም ይህን እንደ ጉድለት ቈጥረው አይሸሽጉትም፤ ብርዱና ድንጋዩ የሰጡት ጠባይ ነው ብለው በዚያው ጠባዩ ይሸጡታል።

የአገሩ የወይን ታሪክ ረዥም ነው። ንጉሠ ነገሥት ኦቶ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ998 ለሜምሌበን ገዳም በሰጠው የርስት ጽሑፍ ላይ የዚያው አገር የወይን ተክል ተጠቅሶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1856 ደግሞ ዛሬ ሮትኬፕሽን በሚል ስም የሚታወቀው የአረፋማ ወይን ፋብሪካ በፍራይቡርግ ተቋቋመ። አውራጃው በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ሥር በነበረበት ጊዜ ወይኑ ከአገሩ ውጭ እምብዛም አይታወቅም ነበር። ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ከተዋሐዱ በኋላ ግን እርከኑ እየታደሰ፣ እርሻውም እየሰፋ ሄደ።

በእኔ አስተያየት ለንግድ ሰው ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚበልጠው ነገር የስሙ አሰጣጥ ነው። በጀርመን ሕግ ማንም ሰው የአውራጃውን ስም እንዳሻው በጠርሙስ ላይ መለጠፍ አይችልም። ጥራት ያለው ወይን ብሎ በአውራጃው ስም ለመሸጥ የሚፈልግ ጠማቂ፣ ከየጠመቃው ናሙና ያቀርባል፤ ናሙናው በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ በቀማሾችም ይቀመሳል። ያለፈው መጠጥ የመንግሥት የምርመራ ቁጥር ይሰጠውና ቁጥሩ በጠርሙሱ ላይ ይታተማል። ሩቅ አገር ያለ ገዢ ገበሬውን ሳያውቀው ገንዘቡን የሚከፍለው ስለዚህ ነው።

ስሜንና ያ አገር ፈጽሞ የማይተዋወቁ አይደሉም። በደጃዝማች ውቤ ዘመን በስሜን የነበሩት ኤድዋርድ ዛንደርና ቪልሄልም ሺምፐር ጀርመናውያን ሲሆኑ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ስማቸው ይነሣል። ዛንደር የአንሃልት ተወላጅ ነበረ፤ ይኸውም የዛሌ ወንዝ ከወይኑ አገር ወርዶ የሚያልፍበት ምድር ነው። ሺምፐር ደግሞ ዕፀዋት ሰብሳቢ ነበረ። በስሜን ተራራ ላይ የለቀማቸው ቅጠሎችና አበቦች፣ የተገኙበት ቦታ እየተጻፈባቸው፣ ዛሬም በአውሮፓ የዕፀዋት መዛግብት ተቀምጠው ይገኛሉ። አንዲት የደረቀች ቅጠል የቦታ ስም ይዛ ባሕር ስትሻገር፣ መቶ ኩንታል ገብስ ያለ ቦታ ስም ጎንደር መድረሱ የሚያስገርም ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አፈሩ ሳስቶ ድንጋዩ በወጣበት ተረተር ላይ ሌላው እህል ሲያቅተው ገብስ ይበቅላል። የእኛም ገበሬ ሰብሉ ሊደርስ ሲል ውርጭን ይፈራል። ከዚህ ገብስ የሚጠመቀው የአገሩ መጠጥ ጠላና ኮረፌ ነው። ጠላን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ስለሌለ ልለፈው፤ ስለ ኮረፌ ግን ጥቂት ማለት ይገባል።

ኮረፌ በደባርቅ፣ በዳባትና በወገራ፣ እንዲሁም በቅማንት ሕዝብ ዘንድ የታወቀ መጠጥ ነው። አሠራሩ ከቤት ቤት ቢለያይም ከቀድሞ ጀምሮ የሚነገረው ዘዴ የሚከተለው ነው። የተሸከሸከው ገብስ በውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግሥቱ ተቈልቶ ይፈጫል፤ ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋር ተለውሶ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ይከደንና ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። እንግዳ የመጣ ወይም ደቦ የተጠራ እንደ ሆነ ከድፍድፉ የሚበቃውን ያህል ቀንሰው ውሃ ይጨምሩበታል፤ አንድ ቀን ካደረ በኋላ አረፋውን እየደፈቀ ይቀርባል። ሳይጠራ ስለሚጠጣ ወፍራም ነው፤ ከጥም ይልቅ ረኀብ ያስታግሣል የሚሉም አሉ። የተቈላው ገብስ ሽታ፣ የጌሾው ምሬትና ከመብላላት የመጣው ኮምጣጣነት አንድ ላይ ሆነው ይሰማሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው ሰው ፊቱን ያጨፈግግ ይሆናል። በሁለተኛው ዋንጫ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይመሰክርልኛል ብዬ አምናለሁ።

አንድ የሚያስደስት መመሳሰልም አለ። በጀርመን ወይን አገር ገበሬው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት የራሱን ወይን በራሱ ቤት እንዲሸጥ የሚፈቅድ ልማድ ሲኖር፣ መጠጥ መኖሩን ለመንገደኛ የሚያስታውቀው ከደጃፉ ላይ ቅጠል ወይም የጭራሮ መጥረጊያ በመስቀል ነው። እኛም በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ እንደፋለን። በምልክቱ በኩል እኩል ነን። ልዩነቱ የጀርመኑ መንገደኛ ከገባ በኋላ የሚጠጣው ከየትኛው ኮረብታ እንደ ሆነ በጽሑፍ ማንበቡ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን አሳብ ሲሰሙ፣ «እንግዲያውስ እኛም ወይን እንትከል» ይላሉ። በጎንደር አገር ወይን አልነበረም ለማለት አይቻልም፤ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አገራችንን የጎበኘው ጄምስ ብሩስ በጣና አካባቢ ስለሚገኘው ወይን ጽፏል። ዛሬ በሆቴሎቻችን የሚቀርበው የአገር ውስጥ ወይን ጠጅ ግን አዲስ አበባ ካለው ከአዋሽ ፋብሪካና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለገበያ ካቀረበው ከዝዋዩ ካስቴል የሚመጣ ነው። ደባርቅ ከነዚህ ጋር ለመወዳደር የምትሞክር ከሆነ ገንዘቧን በውርጭ ላይ መበተኗ ነው። የእኛ ወይን ገብሱ ነው።

ነገሩ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ የደባርቅ ንግድ አንድ እግሩን በእንግዳ ላይ አኑሮ ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በዳባት አጠገብ እስከ ጭና ደርሶ ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን ከፈጀ በኋላ፣ ከዚያም በክልሉ በተከታተለው ግጭት የተነሣ፣ ያ እግር ተሰብሯል። ከዚህም በላይ በፓርኩ ውስጥ በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩት ገበሬዎች በ2008 ዓ.ም. ከዚያ ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። በራሳቸው ማሳ ያመረቱትን ገብስ ይጠምቁ የነበሩ ሴቶች ዛሬ እህል ሸማች ሆነዋል። እነርሱ የሚያውቁት የገብስ ምርጫና የአጠማመቅ ዘዴ በጽሑፍ አልሰፈረም። ልጆቻቸውም ቢራ ይመርጣሉ፤ በዚህ አልወቅሳቸውም።

ከነጋዴ ጓደኞቻችን በኩል የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው «ገብስ ያው ገብስ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ግን ራሳቸው ለቤታቸው ሲገዙ ከጆንያው ዘግነው ሳያዩና ሳያሸቱ አይከፍሉም። ደግሞም የቢራ ፋብሪካ ለብቅል የሚሻው ገብስ ሌላ፣ ለኮረፌ የሚመረጠው ሌላ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ስም መሸጥ ሁለቱንም ገዢ ማጣት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ ኮረፌ በጠርሙስ ታሽጎ ሩቅ አይሄድም ይላሉ። እውነት ነው፤ እንዲሄድም አልመክርም። የሚሄደው ለዚያ ተለይቶ የተመረጠው፣ ተቈልቶ የተፈጨውና በአገሩ ስም የታሸገው ገብስ ነው። በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖረው የስሜን ተወላጅ ውሃና ጌሾ አያጣም። መጠጡ ራሱ ግን እንግዳው እስኪመለስ ድረስ እዚሁ ይጠብቀው።

ስም ገንዘብ እንደሚያወጣ በቡናችን አይተናል። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ በጠየቀ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተደረገው ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኮረፌ የሚለው ስም ለብቻችን አይደለም፤ የጎንደር አገር ሰው ሁሉ ነው፤ ወይንም የጀርመኖች ብቻ አይደለም። ልናስመዘግብ የሚገባን ከመጠጡ ስም ቀጥሎ የሚመጣውን የቦታውን ስም ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አንድ ማኅበር ለአባሎቹ የጋራ ምልክት እንዲያስመዘግብ ስለሚፈቅድ መንገዱ ክፍት ነው።

ስለዚህ ንግድ ምክር ቤታችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ በትሕትና አሳስባለሁ። በመጀመሪያ፣ የሚመጣው አዲስ ገብስ ወደ ገበያ ሲወርድ በጭነት ደብዳቤው ላይ የበቀለበትን ቀበሌ የሚያሳይ ዓምድ ይጨመር፤ ለዚህ ከማተሚያ ቤት ወጪ በቀር ምንም አያስፈልግም። ቀጥሎም ከደባርቅና ከዳባት በሞያቸው የተመሰገኑ ጠማቂዎች ተመርጠው፣ የድፍድፋቸውና የገብሳቸው ናሙና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ይመርመር። ምርመራው ከስሙ መቅደም አለበት፤ ያልተመረመረ ስም አንድ የተበላሸ ጆንያ የተላከ ዕለት ይረክሳል። ቀማሾቹ ግን ከዩኒቨርሲቲ ብቻ ባይሆኑ እመርጣለሁ፤ ከኮረፌ ቤት ደንበኞች ሁለት አረጋውያን ቢቀመጡበት ላቦራቶሪ የማያገኘውን ነገር ያገኛሉ።

የቀረው የወጪው ጉዳይ ነው። ይህ በጠማቂዎቹ ሴቶች ላይ ሊወድቅ አይገባም፤ በጠላና በኮረፌ ከሚያገኙት ትርፍ ላይ የምርመራ ዋጋ ቢጠየቁ ሥራውን ትተው ይሄዳሉ። ከስሙ አስቀድሞ የሚጠቀመው ገብሱን ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ስለ ሆነ፣ ከሚጭነው ከየኩንታሉ ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢዋጣ ይበቃል። የመዋጮውን ልክ ለጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ እተወዋለሁ።