ለልጅ የሚገዛ የመጀመሪያ ሰንጢ

የቤት ዕቃ ሁሉ ሁለት ጠባይ አለው፤ አንዱ የሚጠቅምበት፥ ሁለተኛው የሚጎዳበት ነው። እሳት እንጀራ ይጋግራል፥ ቤትም ያቃጥላል። ሰንጢም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አባትና እናት ለልጃቸው የመጀመሪያውን ሰንጢ ለመግዛት በተነሡ ጊዜ የሚመርጡት አንድ ትንሽ ብረት ብቻ አይደለም፤ ልጃቸው ምን ያህል ሊታመን እንደ ደረሰም ይመዝናሉ። ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንነጋገርበት የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን በሥፍራው ሆነን እንድናየው ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ዋጃን እንመልከት። ዋጃ የምትገኝበት የራያ ቆላ የማሽላ አገር ነው፤ ገበሬውም ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ እርሻው መምራትን ያውቅበታል። በዚህ አገር ለሚያድግ ልጅ ስለት የሚሻ ሥራ ከጧት እስከ ማታ አይታጣም። ማሽላው ሲደርስ ጥንቅሽ ይላጣል፤ በክረምት በለስ ይከፈታል፤ የጆንያ አፍ ይፈታል፤ የጭነት ገመድ ይቆረጣል፤ ለእናት ሽንኩርት ይከተፋል። ለዚህ ሁሉ ማጭድ ይበዛበታል፤ በጥርስ መጎተትም ጥርስን ማጥፋት ነው። ስለዚህ ሰንጢ ለዋጃ ልጅ ጌጥ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ዕቃ ነው።

ነገር ግን በሥራ ዕቃና በጦር ዕቃ መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድሞ መለየት ይገባል። ከራያ ቆላ በስተ ምሥራቅ የሚኖሩት አፋሮች በወገባቸው የሚታጠቁት ጊሌ የታወቀ ነው፤ ቆልመም ያለና በሁለት ወገን የተሳለ የጎልማሳ ትጥቅ ነው። ሰንጢ ግን ትጥቅ አይደለም። ምርጫው የሚበላሸው ይህ በተረሳ ጊዜ ነው። ልጅ በራሱ ፈቃድ እንዲመርጥ ቢተዉት፥ እጁ የሚዘረጋው ረጅምና ሹል ወደ ሆነው፥ ወይም ሲጫኑት ተፈናጥሮ ወደሚከፈተው ነው። ወላጅ በዚህ ጊዜ «ይህ የምን ሥራ ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «ያስፈራል» ብቻ የሆነ እንደ ሆነ አይግዛው።

ለወታደር የተሠራው ሰንጢ እንኳ ለውጊያ አልታሰበም። በስዊዝ አገር ካርል ኤልዝነር የተባለው ባለሙያ በ1884 በአውሮፓ አቈጣጠር ኢባኽ በምትባል መንደር የቢላዋ መሥሪያ ቤት ከፈተ፤ በ1891ም ለአገሩ ጦር ሰንጢ አቀረበ። ያ ሰንጢ ከስለቱ ጋር የቆርቆሮ መክፈቻ፥ የብሎን መፍቻና መብሻ ነበረው፤ ይኸውም ወታደሩ ምግቡን እንዲከፍትበትና ጠመንጃውን እንዲፈታበት ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የስዊዝ ሰንጢ የመጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ወላጅ አምስት ነገር ይመርምር።

አንደኛ፥ ርዝመቱን። የልጁ አራት ጣቶች ገጥመው ሲያዙ ያላቸውን ስፋት ይለካ፤ ስለቱ ከዚያ እጅግ ባይበልጥ መልካም ነው። ይህም ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ገመድ ለመቁረጥና በለስ ለመላጥ ከዚህ የሚበልጥ አያሻም።

ሁለተኛ፥ መቆለፊያውን። በሥራ መካከል ስለቱ ተመልሶ ቢታጠፍ የሚያርፈው በጣት ላይ ነው። በፈረንሳይ አገር ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 በጀመረው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ላይ በ1955 የሚዞር የብረት ቀለበት የተጨመረበት ስለዚህ ነው፤ ቀለበቱ ሲዞር ስለቱ ባለበት ይጸናል። ይኸው ፋብሪካ ለልጆች ጫፉ ክብ የሆነ ሰንጢ ይሠራል፤ ለጀማሪ እንዲህ ያለው የተመረጠ ነው። መቆለፊያውን ለመፈተን ስለቱን ከፍቶ መቆለፍ፥ ጣትንም ከመታጠፊያው መንገድ አርቆ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ላይ ቀስ ብሎ መጫን ነው። ከታጠፈ ይቅር።

ሦስተኛ፥ መጋጠሚያውን። ስለቱ ተከፍቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ ዛሬ የላላው ነገ ይወልቃል። ሲታጠፍም ጫፉ ከእጀታው ውጭ ብቅ የሚል ሰንጢ ኪስ ይቀድዳል፥ ጭንም ይወጋል።

አራተኛ፥ ብረቱን። የካርቦን ብረት ፈጥኖ ይሳላል፤ ነገር ግን ላብና የፍራፍሬ ውሃ ያዝገዋል። እንደ ዋጃ ባለ ሞቃት አገር በላብ ከራሰ ኪስ ለሚውል ሰንጢ የማይዝገው ብረት ይሻላል።

አምስተኛ፥ እጀታውን። ልጁ ራሱ በእጁ ይዞ ይየው፤ እጁ እርጥብ ቢሆን የሚያሙለጨልጭ እንዳይሆን። በዋጋም ረገድ እጅግ ርካሽ የሆነው አይመረጥ፤ እጅግ ውድ የሆነውም ቢጠፋ ልጅን ያስደበድባልና ይቅር።

ብዙ ወላጆች «ለልጅ ዶልዱም ይሻለዋል» ይላሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ዶልዱም ስለት ስለማይቆርጥ ልጁ በኀይል ይጫነዋል፤ በኀይል የተጫኑት ስለት ያመለጠ እንደ ሆነ የሚያቆመው ሥጋ ነው። የተሳለ ስለት ግን ጥቂት ጉልበት ስለሚበቃው ለእጅ ይታዘዛል። ስለዚህ ሰንጢ የተሰጠው ልጅ መሳልንም ከዚያው ጋር ይማር። ስለቱን በእርጥብ መሳያ ድንጋይ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቁመው፤ ከዚያ በግማሽ ያጋድመው፤ የቀረውን ደግሞ በግማሽ ያጋድመው። ትክክለኛው ልክ ይህ ነው፤ በሁለቱም ወገን በእኩል ይሳለው። ድንጋይ ባይገኝ የቡና ሲኒ ተገልብጦ ከሥሩ ያለው ያልተቀባ ሻካራ ክብ ስለቱን ሊያድሰው ይችላል። መሳሉም በጣት ሳይሆን ተነቦ ባለቀ ጋዜጣ ይፈተን።

የመጀመሪያው ትምህርት በበለስ ቢሆን ደስ ይለናል። እሾሁ በሣር ታሽቶ ከተራገፈ በኋላ ሁለቱ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ ወገቡ በቁመት ሲሰነጠቅ ልጣጩ ይከፈታል። ልጁም ተቀምጦ እንጂ ቆሞ ወይም እየሄደ እንዳይቆርጥ፥ ስለቱም ከሰውነቱ ወደ ውጭ እንዲሄድ በዚህ ይለምዳል። ለሰው ሲያቀብልም ሁል ጊዜ አጥፎ ይስጥ።

ጣቱን የቈረጠው እንደ ሆነ አትደንግጡ፤ በጩኸታችሁም አታስደንግጡት። ቁስሉ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፤ እጁም ከፍ ይበል። የቡና ዱቄት፥ አመድ ወይም አፈር በቁስል ላይ መነስነስ ቁስሉን ማመርቀዝ ነው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፥ ወይም ደሙ አልቆም ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ይጠየቅ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የልጁ ጠባይ ነው። በጨዋታ ተሸንፎ በጸጥታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ሰንጢ ቢይዝ አያሠጋም። በተቈጣ ጊዜ ግን እጁ ወደ ድንጋይ የሚሮጥ ልጅ፥ ዕድሜው አሥራ ስምንት ቢሆንም ገና አልደረሰምና ይቆይ። የልጆች ጠብ በጡጫ ያለቀ እንደ ሆነ በማግሥቱ ይረሳል፤ ስለት የገባበት ጠብ ግን የሁለት ቤተ ዘመድ ይሆናል፤ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ሰንጢው ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ ሠርግና ወደ ሶለል ጨዋታ አይሂድ፤ ለሥራ በወጣ ቀን ብቻ ይያዝ። በአውሮፕላን የሚሄድም በእጅ ሻንጣው አይያዘው፤ ፍተሻው አያሳልፈውምና።

ይህን ሁሉ ስንል ስለ ወንዶች ልጆች ብቻ አይደለም። ሽንኩርቱን የምትከትፈውና በለሱን የምትልጠው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ሆና ሳለ ሰንጢ የሚገዛው ለወንድሟ መሆኑ አይገባም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጨርሶ እንዲያቦካ ያልተፈቀደለት ልጅ ሲያድግም ለእራት የሚበቃ አያቦካም። ስለዚህ ጠባዩን መዝናችሁ፥ ትንሽና የተሳለ፥ በደንብም የሚቆለፍ ሰንጢ ግዙለት፤ የመጀመሪያዎቹንም ቀናት አጠገቡ ተቀምጣችሁ አብራችሁት ሥሩ።