እማማን ማን ያሻግራቸው?

ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ከባሕሩ ማዶ ኦክላንድ ላይ ለማስቀደስ፣ መኪና ላለው ሰው እሑድ ማለዳ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። መኪና ለሌለው ግን ትልቅ ጣጣ ነው። ባርት የሚባለው ባቡር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አገልግሎት በጀመረው የባሕር ሥር ዋሻ፣ ሰውን በጥቂት ደቂቃ ከዳር ዳር ያደርሳል። ምን ያደርጋል! እሑድ ሥራ የሚጀምረው በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት፣ በአገር ቤቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ቅዳሴው ከተጀመረ ቆይቷል። ከባቡር ወርዶ ወደ ኮረብታው የሚወጣውን አውቶቡስ መጠበቅ ሲጨመርበት፣ ሰው የሚደርሰው ለስብከቱ ነው። ሊቆርብ ያሰበ ደግሞ ከመጀመሪያው መገኘት አለበት።

በሥራ ቀን ባቡሩ ገና በ11 ሰዓት ይነሣል። ማርያም ወይም መድኃኔ ዓለም ሐሙስ ላይ ሲውል መንገዱ ክፍት ነው፤ ሰዉ ግን ሥራ ላይ ነው። እሑድ ሰው ሲያርፍ ባቡሩም አብሮ ያርፋል።

እርግጥ ነው፣ ሌሊት ድልድዩን የሚሻገር 800 ቁጥር አውቶቡስ አለ። ግን ነጠላ የለበሱ አሮጊት እናቱን በጨለማ ማርኬት ጎዳና ላይ ብቻቸውን አቁሞ አውቶቡስ የሚያስጠብቅ ልጅ ማነው?

በየቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከሚነገሩት ማስታወቂያዎች አንዱ የመኪና ማቆሚያው ጠበበ የሚለው ነው። ያንኑ ቦታ ያጣበቡት መኪናዎች ግን አብዛኞቹ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ይዘው የመጡ ናቸው። የኋላ ወንበራቸው ባዶውን ድልድዩን ተሻግሯል። በዚያው ሰዓት እማማ ቤታቸው ተቀምጠው ልጃቸው በከፈተላቸው ስልክ ቅዳሴውን ይከታተላሉ። «ለምን አልደወሉም?» ቢባሉ መልሳቸው የታወቀ ነው፤ «ሰው ማስቸገር አልወድም፣ ልጄ።» ይሉኝታው ከባሕሩ የሰፋ ሆነባቸው። ስልኩ ደግሞ ድምፁን ያሰማ እንደሆነ ነው እንጂ አያቆርብም።

ስለዚህ መጠየቅ የእርሳቸው ሥራ መሆን የለበትም፤ የሰበካ ጉባኤው ሥራ ነው። የቅዳሴው ሰዓት ሲነገር አብሮ «ከሳን ፍራንሲስኮ የሚመጡ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት ይቁሙ፤ የዛሬ ሳምንት ባለ ተራ እገሌ ነው» ቢባል፣ ማንም ለማኝ ማንም ለጋሽ አይሆንም። በጽዋ ማኅበር ተራ የሚያውቅ ሕዝብ ለዚህ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም።

ባቡሩ በቶሎ ሰዓቱን ይለውጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ደግነቱ የሚፈለገው የመሄጃው ብቻ ነው። ለመመለሻው ባቡሩ አለ፤ 65 ዓመት የሞላቸው የአዛውንት ካርድ ካወጡ 62.5 በመቶ ቅናሽ ያገኛሉ። ድልድዩም ቢሆን የሚያስከፍለው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲመለሱ እንጂ ወደ ኦክላንድ ሲሄዱ አይደለም።