ጥቁረት ዕድሜ አይደለም፦ ስለ ቀፊራ ጠገራ ብር

ዛሬ ቡናውንም ሰሊጡንም ለነገ አቆይቼ ስለ ጠገራ ብር ላውራ። የብር ማዕድን በዓለም ገበያ ከፍ ባለ ቁጥር በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተኛው ማርትሬዛ ይወጣል። ከሚያወጡት መካከል ደግሞ የእኛው የዩኒየን አባል ገበሬዎች አሉበት።

ሰሞኑን ቀፊራ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ደላላ ሁለት ማርትሬዛ ዘርግቷል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የሚያብረቀርቅ። ለጥቁሩ እጥፍ ይጠይቃል። «አቦ፣ ይሄ እኮ የአያት ነው! ጥቁረቱን አታይም እንዴ?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ አንድ አባት የእናታቸውን የአንገት ብር ይዘው መጡ። ለገበያ እንዲያምር ብለው ማታውን በሎሚና በአመድ ፈትገውታል። የቀረበላቸው የማቅለጫ ዋጋ ብቻ ነው።

እንግዲህ አስቡት፦ የእውነተኛው ወዝ ታጥቦ ወጣ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ተቀባ። የእኔ አቋም አጭር ነው። ጠገራ ብር ስትገዙ ለጥቁረት ብላችሁ አንድ ሳንቲም አትጨምሩ፤ ስትሸጡም አትጠቡ።

ለምን? ማርትሬዛ ላይ የተጻፈው ዓመት ሁሌም 1780 ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያው ቀን ቪየና፣ ሚላን፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሁሉ መትተውታል። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ስለዚህ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግረንም። ገበያው ታዲያ ሌላ ምስክር ፈለገና ጥቁረቱን ያዘ። ችግሩ፣ ከሁሉ በቀላሉ የሚሠራው ምስክር እሱ ነው።

ብር የሚወይበው አየር ውስጥ ካለ የድኝ ጋዝ ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ ነው። ሽፋኑ በጣም ቀጭን ሲሆን ወርቃማ ቢጫ ይመስላል፤ ሲወፍር ወደ ቀይ ቡናማና ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር ይሄዳል። በተፈጥሮ ዓመታት ይፈጃል። በድኝ ውህድ ወይም በትኩስ የተቀቀለ እንቁላል ግን የሰዓታት ሥራ ነው። ኬሚካሉ አንድ ነው፤ የሚለየው አካሄዱ ነው። ስለዚህ አካሄዱን እዩ፦

🔸 ሽግግሩ። በራሱ የወየበ ብር ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ፣ በቅደም ተከተል ይሻገራል። ደማቅ ሰማያዊ ከንጹህ ነጭ አጠገብ ድንገት ከተቆረጠ ወይም ቀለሙ እንደ ፈሳሽ የተንጠባጠበ ከሆነ ጠርጥሩ።

🔸 ከፍታና ጎድጓዳ። እጅ ለእጅ የዞረ ብር ጉንጯና ትከሻዋ ላይ ተፈትጎ ይነጣል፣ በፊደላቱ ሥር ይጠቁራል። ያለቀ ብር ከላይ እስከ ታች እኩል ጠቁሮ ካያችሁት ጥያቄ አለው።

🔸 ሁለቱ ገጽ። የአንገት ብር አንድ ገጹ ገላ ነክቶ፣ ሌላው አየር አግኝቶ ነው የኖረው። ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ከሆነ «በምን ተቀመጠ?» ብላችሁ ጠይቁ።

🔸 ጭረቱ። በማጉያ መነጽር ከጥቁረቱ ሥር የፍትጊያ መስመር ከታየ መጀመሪያ ታጥቧል፣ ከዚያ ጠቁሯል ማለት ነው። ማንጠልጠያው የተፋቀበት ቦታም እንደ ሌላው እኩል ከጠቆረ ፋቂውና አጥቋሪው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

🔸 ጥጡ። የጫማ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከሆነ በንጹህ አሴቶን በራሰ ጥጥ ይለቃል። የብር ወዝ ግን በአሴቶን አይለቅም። የእንቁላል ሽታ ካለው ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

እነዚህ ምልክቶች ናቸው እንጂ ፍርድ አይደሉም። ሱፍ ጨርቅና ላስቲክም ድኝ አላቸው፤ ማንም ሳያስበው ብሩን ቶሎ ያጠቁራሉ። የአሜሪካኖቹ ሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች እንኳ ቀለሙ ያጠራጠራቸውን ሳንቲም በቁጥር ደረጃ ሳይሰጡ ይመልሳሉ። እነሱ የሚጠራጠሩበትን እኛ ቀፊራ መሀል ቆመን በአንድ እይታ አንወስንም።

ታዲያ በምን እንግዛ? በሚዛን። ያላለቀ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ነው፤ ከሺው 833 ንጹህ ብር፣ ማለትም 23.39 ግራም ወይም 0.75 አውንስ ግድም። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.75 አባዙ፤ መነሻችሁ ያ ነው። ያለቀ ወይም የተበሳ ከሆነ መዝናችሁ በ0.833 አባዙ። የምኒልክ ብርም ክብደቱ ያው ነው፣ ጥራቱ 835 ነው። ከመነሻው በላይ የምትከፍሉት ለምስሉ ጥራት፣ ለጠርዙ ጽሑፍ፣ ላለመፈተጉ ይሁን። የድሮ ነጋዴዎች የዘውዷን ሉልና የትከሻዋን ጌጥ እየመረመሩ ነበር የሚቀበሉት፤ ጥቁረቷን አይደለም።

ይሄ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። የሐረር ቡና የገዛ ሰው በፍሬው ቀለም ብቻ አይከፍልም፤ እርጥበት ይለካል፣ ይቀምሳል። ለቡና ያለንን ጥንቃቄ ለብር እንዴት እናጣለን?

ለዩኒየኖች አንድ ሐሳብ አለኝ። ለአባላት የሚያገለግል አንድ ትክክለኛ የግራም ሚዛንና አንድ ማጉያ መነጽር ቢሮ ይኑር። ገበሬው ወደ ቀፊራ ከመውረዱ በፊት ክብደቱን በወረቀት ይዞ ይውረድ። «አትጠቡት» የሚለውን ደግሞ በስብሰባ ንገሩ፤ አንዴ የተፈተገ ወዝ አይመለስም።

ላኪዎች፣ እናንተም ልብ በሉ። የቆየ ሳንቲም ቅርስ ሊሆን ስለሚችል ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ። በሻንጣ የሄደ ብር ኤርፖርት ላይ ሲያዝ ጥቁር ነጭ ብሎ የሚከራከር የለም።

በቀለም የሚገዛ በሚዛን ይከስራል። መልካም ገበያ!