ዋጋው የናረው አሮጌ ዲኤክስ እና የአሰላ ቁልቁለት

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ፣ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት አስታወቁ። ውሳኔው አዲስ የሚገቡ መኪኖችን የሚመለከት ቢሆንም ውጤቱ ጎልቶ የታየው ከብዙ ዓመታት በፊት በገቡት ላይ ነው። በአሰላ፣ በኢተያ፣ በሳጉሬና በበቆጂ ጎዳናዎች ዛሬም የሚመላለሰው፣ ሕዝቡ «ዲኤክስ» የሚለው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ፣ የዕድሜውን ያህል ዋጋው ከመውረድ ይልቅ ሽቅብ ወጥቷል። ባለቤቱም እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ጥሪት ይመለከተው ጀምሯል።

የመግቢያው በር መጥበብ የጀመረው ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋም በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር በላይ ሆነ። አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና በሚሊዮን ብር በሚቆጠርበት ገበያ፣ የቢራ ገብሱን ሸጦ መኪና ለመግዛት የሚያስብ አርሶ አደር ወይም የከተማ ነጋዴ ዓይኑ አሮጌው ላይ ቢያርፍ አያስደንቅም።

አርሲ ለማሽን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ነባሮቹ «ካዱ» የሚሉት፣ ትራክተርና የተሻሻለ የእርሻ መሣሪያ ከገበሬው ጋር ካስተዋወቁት አንዱ ነው። የስንዴ ኮምባይነር ከጋራዥ ጋራዥ በሚዞርበት አካባቢ የአርባ ዓመት ኮሮላ ማስነሣት ተአምር ሊሆን አይችልም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በአሮጌው መኪና ላይ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሚውለው መኪናውን በሚያሳምረው ነገር ላይ እንጂ በሚያቆየው ነገር ላይ አይደለም።

የወጣቱ ፍቅር መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የተመረተው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ኃይሉን የሚያገኘው በኋላ ጎማዎቹ ነበር። በ1983 የተተኪው ትውልድ መደበኛ መኪኖች ወደ ፊት ጎማ ሲዞሩ፣ ሌቪን እና ትሩኖ የተባሉት ባለሁለት በር ስፖርታዊ መኪኖች ብቻ በኋላ ጎማ ቀጠሉ። 1,587 ሲሲ ሞተር የነበራቸው እነዚህ መኪኖች፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የታተመው «ኢኒሻል ዲ» የተሰኘ የጃፓን የሥዕል ታሪክ በተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ካስወደዳቸው ወዲህ በዓለም ዙሪያ የሚፈለጉ ሆነዋል። የእኛ ዲኤክስ ለእነዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። በነገራችን ላይ ዲኤክስ የመኪናው ሞዴል ስም አይደለም፤ «ዴሉክስ» ከሚለው የተወሰደ የደረጃ መጠሪያ ነው። ስለዚህም ዲኤክስ ተብለው ከሚሸጡት መካከል በኋላ ጎማ የሚሄድም በፊት ጎማ የሚሄድም ይኖራል። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ላይሆን ስለሚችል፣ ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ኮፈኑን አስከፍቶ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ርካሽ የመሰለው ግዢ ውድ ይሆናል።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፤ ለዝቅተኛ ስፍራ በተለካው ቀዳዳ ቤንዚኑን ማፍሰሱን ይቀጥላል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ሞተሩን ያስረጃል። መፍትሔው አነስ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ መግጠምና ድብልቁን እዚሁ አሰላ ላይ ማስተካከል ነው። አንዳንዱ ግን «ጉልበት እንዲያገኝ» ብሎ ትልቅ ካርቡራተር ያስገጥማል ወይም ቀዳዳውን በሽቦ ያሰፋል። በደጋ ላይ ይህ ሊትሩ ከ100 ብር ያለፈውን ቤንዚን ወደ ጭስ ከመቀየር በቀር ጥቅም የለውም። በግብርና ኮሌጅ የትራክተር ትምህርት ስንማር የተነገረን የመጀመሪያ ነገር ከፍታ የሞተርን ጉልበት እንደሚሰርቅ ነበር፤ የተሰረቀው ደግሞ ማርሚታ በመቅደድ አይመለስም። ያ ጩኸት የሚያተርፈው በገበያ ቀን አህያ ማስደንበር ብቻ ነው።

ከሞተር ማቀዝቀዣው ጋር የተያያዘም ሌላ ልማድ አለ። ሞተሩ እንዳይግል በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። በቆላ ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል። በጭላሎ ግርጌ ብርድ ግን ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ቶሎም ያልቃል። ይልቁንም መታየት ያለበት የራዲያተሩ ክዳን ነው። በአሰላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ግፊት መያዝ ያቃተው ክዳን ያለው መኪና ዳገቱን ሳይጨርስ ይፈላል። ክዳኑ ከሙሉ ሞተር እድሳት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

የሰው ሕይወት ያለበት ግን ፍሬኑ ነው። ከአሰላ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በኩሉምሳ፣ በኢተያና በዴራ በኩል ከ700 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን «ፎሌ» አድርጎ የሚወርድ ሹፌር የመኪናውን ክብደት በሙሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይጥላል። ሞተሩን ጨርሶ ካጠፋው ደግሞ የፍሬኑ ረዳት ኃይል ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቅና ፔዳሉ ይደርቃል። ለዓመታት ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሲግል አረፋ ይሠራል፤ እግር ወለል ቢነካም መኪናው አይቆምም። በዚህ ላይ ሞላው ተቆርጦ መኪናው ዝቅ እንዲል ከተደረገ፣ ሾክ አብዞርበሩ መሥሪያ ቦታ አጥቶ ጎማው አስፋልቱን በሚገባ አይጨብጥም። ሰፊ ጎማና ቸርኬ ሲታከልበት ኩሽኔታው ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። በክረምት ከዋናው መንገድ ወጥቶ መረሬ አፈር ላይ ለሚገባ ሰው ደግሞ ዝቅ ያለ መኪና በሬ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ነገር ነው።

መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን የመረጠው ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስ ነው፤ ምክንያቱ ያሳምናል። ይሁን እንጂ እገዳው አሮጌዎቹን ከመንገድ አላስወጣም፣ ዕድሜያቸውን አራዘመ እንጂ። የሚራዘመው ዕድሜ በምን ዓይነት ፍሬንና በምን ዓይነት መለዋወጫ እንደሚሆን ግን በፖሊሲው ውስጥ ቦታ አላገኘም። የአሰላ ባለመኪና ለአንዲት የፍሬን ጎማ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ይወርዳል፤ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ከሌላ መኪና የተፈታ ነው። ያገለገለ በር ወይም መብራት ቢገጠም ጉዳት የለውም፤ ያገለገለ የፍሬን ሸራ ግን ሌላ ነገር ነው። የደኅንነት ዕቃዎች፣ ማለትም ፍሬን፣ የመሪ መገጣጠሚያና ጎማ፣ ከቅንጦት ዕቃ ተለይተው በዝቅተኛ ቀረጥ ቢገቡ መንግሥት የሚያጣው ገቢ ከአደጋው ወጪ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም እዚህ ላይ ይነሣል። ምርመራው መብራትና ሰሌዳ አይቶ የሚያልፍ ከሆነ የተቆረጠው ሞላ፣ የረጠበው የፍሬን ዘይትና የተቀየረው ሞተር ተለጣፊውን ይዘው ወደ ቁልቁለቱ ይመለሳሉ። የፍሬን ኃይል በመሣሪያ የሚለካ፣ ሞተሩንም ከሊብሬው ጋር የሚያመሳክር ምርመራ ባለቤቱን ለጊዜው ያስቆጣ ይሆናል፤ ከዴራ በላይ ባለው ጥምዝ ላይ ከፊት ለሚመጣው የገበሬ ጋሪ ግን ከዚህ የተሻለ መከላከያ የለውም።