መብራቱ የማን ነው?

በሮበርት ጎዳና ግራና ቀኝ ባሉት አፓርታማዎች የሚኖር የአገራችን ሰው በሩ ያልተንኳኳበት ያለ አይመስለኝም። አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ ታብሌት የታቀፈ አንድ ወጣት ብቅ ይልና፣ «ጣሪያ አያስፈልግዎትም፣ የሚሰቀል ነገር የለም፣ እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙ፤ የመብራት ሒሳብዎ ይቀንሳል!» ይላል። ግማሻችን «ኖ ኢንግሊሽ» ብለን በሩን እንዘጋለን (ዩኒቨርሲቲ የበጠስነውም ጭምር!)። ግማሻችን ደግሞ ሳናነብ እንፈርማለን። የፈረመውም ያልፈረመውም ወጣቱን ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ይህ የፀሐይ መብራት የማን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 የሚኒሶታ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ጣሪያ የሌለው ተከራይም ቢሆን ሌላ ቦታ ከተተከለ የፀሐይ ፓነል ላይ ድርሻ መያዝ ይችላል። «ሶላር ጋርደን» ይሉታል። ከዚያ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ እርስዎ ምጣድ አይመጣም። ለእኛ ለዌስት ሴንት ፖል ሰዎች መብራት በሚያቀርበው በኤክሴል ኩባንያ መስመር ውስጥ ይገባና፣ በድርሻዎ ልክ ከወር ሒሳብዎ ላይ ይታሰብልዎታል። ባንክ ያስገቡት ዶላር ሲያወጡት ያው ራሱ ወረቀት እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው። ማታለል የለበትም፤ ሕጋዊ ነው፣ ይሠራል።

ነገር ግን... የምንኖርባት ከተማ ስሟ «ምዕራብ ሴንት ፖል» ሆኖ ሳለ፣ ካርታ ዘርግቶ ላየ ሰው ከሴንት ፖል በስተደቡብ ናት። ስሙ የወጣላት ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ካለው ዳርቻ ላይ በመሆኗ ነው። በዚህ አገር ስምና ነገር ሁልጊዜ አይገጥሙም። «ኮሚኒቲ ሶላር» የሚለውም ስም እንደዚሁ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ ከተተከሉት ፓነሎች አብዛኞቹ የግል ኩባንያዎች ንብረት ናቸው። አብዛኛውን ድርሻ የያዙትም ትልልቅ ድርጅቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ማዘጋጃ ቤቶች ነበሩ። በ2023 ሕጉ ሲሻሻል ነው ከእያንዳንዱ አዲስ ጋርደን ቢያንስ 30 በመቶው ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ ቤተሰቦች እንዲሆን የተደነገገው። በራችን በብዛት የሚንኳኳበትም አንዱ ምክንያት ይኸው መሰለኝ፤ ተፈላጊ ሆነናል! ቢሆንም ደንበኛ ሆንን እንጂ ባለቤት አልሆንንም።

ባለቤት መሆን ይቻላል ወይ? ይቻላል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ «ኮኦፐሬቲቭ ኢነርጂ ፊውቸርስ» የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ድርሻ የያዘ ሁሉ አባል ነው፤ አባል ሁሉ አንድ ድምፅ አለው። ብዙ የያዘም አንድ፣ ጥቂት የያዘም አንድ። እኛን ስደተኞችን ብዙ ጊዜ ከበር የሚመልሰውን የክሬዲት ውጤትም አይጠይቅም። በ2018 በሰሜን ሚኒያፖሊስ በሻይሎ ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ 200 ኪሎዋት ያህል የሚያመነጩ ፓነሎች ተከለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከሚገኘው መብራት ተካፋዮች አንዱ ማን እንደሆነ ያውቃሉ? መስጂድ አን ኑር! ከሠፈሩ ነዋሪዎች ጋር በአንድ ላይ። ጥቁር አሜሪካውያን ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በአንድ ጣሪያ መብራት ተካፍለው ሲበሉ፣ እኛ በአንድ ሃይማኖት ውስጥ እንኳ በሁለት አዳራሽ እንሰበሰባለን።

ይህን ለአንድ በዕድሜ የገፉ የጎጃም ሰው ባጫውታቸው፣ «ልጄ፣ ኅብረት ሥራ አትበለኝ፤ በሬዬን ያጣሁት በኅብረት ሥራ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይሄኛው ሌላ ነው» ብላቸው፣ «ያኔም ሌላ ነው ነበር ያሉን» ብለው ዘጉኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ። ማልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚሉትን ቃላት የማውቃቸው ከሬዲዮ ነው። ሰውዬው ግን ኖረውበታል። በማልባ መሬቱ የጋራ ሆነ፤ በወልባ ደረጃ በሬውና ሞፈሩም ተከተለ። ደርግ ለማኅበራቱ ጥሩ ጥሩውን መሬት ሰጠ፣ ግብር ቀነሰላቸው፣ ማዳበሪያም አስቀደመላቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎ በማርች 1990 (በእኛ 1982) መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ፣ ገበሬው ማንም ሳይነግረው በሳምንታት ውስጥ መሬቱንና በሬውን ተከፋፍሎ ማኅበራቱን አፈረሳቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ በሽማግሌው አልፈርድም።

ይሁን እንጂ የደርግን ማኅበራት የገደለው «ኅብረት» የሚለው ነገር አልነበረም። በ1844 በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ 28 ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ አጃና ጥቂት ሻማ ይሸጡ ነበር (ሻማ! መብራት ከመጀመሪያውም ነበረበት ማለት ነው)። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚመሩባቸው መርሆች ከእነዚያ ሰዎች ደንብ የመጡ ሲሆኑ፣ ዓለም አቀፉ ኅብረት በ1995 ማንቸስተር ላይ ሰባት አድርጎ አጽድቋቸዋል። የመጀመሪያው በፈቃድ መግባት ነው፤ አራተኛው ከመንግሥትም ሆነ ከማንም ነፃ መሆን ነው። ወልባ ሁለቱንም አልነበረውም። ገበሬው የገባው ተገዶ ነው፤ ሊቀመንበሩን የሚያዘው ካድሬው ነው። ስሙን ወሰዱት፣ ነገሩን ግን ጣሉት።

የአሜሪካን ገበሬ ታሪክ ደግሞ ይመልከቱ። በ1935 ከአሜሪካ እርሻዎች መብራት የነበራቸው ከአሥር አንዱ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ኩባንያዎቹ «ገጠር ሽቦ መዘርጋት አያዋጣም» አሉ። ሩዝቬልት ብድር አቀረቡ፤ ኩባንያዎቹ ብዙም አልፈለጉትም። ያን ጊዜ ገበሬዎቹ ብዙ ጊዜ በነፍስ ወከፍ አምስት አምስት ዶላር እያዋጡ የራሳቸውን የመብራት ማኅበር አቋቋሙ፤ ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከአሥሩ እርሻ ዘጠኙ በራ።

ከእነዚያ ማኅበራት አንዱ በጓሯችን ነው ያለው። ዳኮታ ኤሌክትሪክ ይባላል። በ1937 የተቋቋመ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ፋርሚንግተን ነው፤ ከ100 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ከዌስት ሴንት ፖል ቤት ገዝተው ወደ ኢገን፣ አፕል ቫሊና ሌክቪል የወጡት ወገኖቻችን አብዛኞቹ መብራታቸው ከዚያ ነው። ውድ አንባቢ፣ እርስዎም ከእነሱ አንዱ ከሆኑ ደንበኛ አይደሉም፤ የመብራት ድርጅት ባለቤት ነዎት! የቦርድ አባላትን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። ከወጪ የተረፈው ገንዘብም በስምዎ ይያዝና ጊዜው ሲደርስ ይመለስልዎታል። ይህን ስነግራቸው «የምርጫ ወረቀት መጣልኝ እንጂ ማስታወቂያ መስሎኝ ጣልኩት» ያሉኝ ከአንድም ሦስት ሰዎች ናቸው። አገር ቤት ድምፅ ተነፈግን ብለን ተሰደን፣ እዚህ በፖስታ ቤታችን ድረስ የሚላክልንን ድምፅ ከፒዛ ኩፖን ጋር ቆሻሻ ውስጥ እንጥላለን። ጉድ እኮ ነው!

ስለ መብራት በጋራ ማዋጣት ከተነሣ ሕዳሴው መነሣቱ አይቀርም። በኤፕሪል 2011 የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ቦንድ የገዛም ነበር፣ በየከተማው የቦንድ ሽያጭ ስብሰባ ላይ የተቃወመም ነበር። ግድቡ በሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ተመርቋል፤ 5150 ሜጋዋት ነው። የዚያን ክርክር አሁን አልከፍተውም። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን አንድ ልዩነት ብቻ ነው፦ ቦንድ ብድር ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ያበድራል እንጂ ሒሳብ ቀርቦለት እጅ አያወጣም። ወደ ማኅበሩ ጠባይ የሚቀርበው በሰሜን ሸዋ ሬማ የተሠራው ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ የጀርመን ድርጅት ወደ ሁለት ሺህ ለሚጠጉ የጭቃ ቤቶች ትንንሽ የፀሐይ መብራት ሲያስገባ፣ በነፃ ሰጥቶ አልሄደም። ነዋሪው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣ ነበር፤ ገንዘቡ ለጥገና ነበር፤ ጠጋኞቹም እዚያው ሬማ የሠለጠኑ ልጆች ነበሩ።

ወርኃዊ መዋጮ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ... ይህን ለእኛ ሊያስተምረን የሚነሣ ሰው ካለ ይቀመጥ! ዕድርና ዕቁብን ሻንጣችን ውስጥ ይዘን ነው ቦሌን የለቀቅነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ድክመታችንም ከእሱው ጋር ነው የመጣው። ሊቀመንበሩ አይወርድም፣ ኦዲተር መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል፣ የተሸነፈው ወገን በማግሥቱ ሌላ ማኅበር ያቋቁማል። የመብራት ማኅበር ደግሞ የሃያ እና የሃያ አምስት ዓመት ውል ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ለሚሰነጠቅ ስብስብ ማንም ባንክ አያበድርም። ስለዚህ አዲስ ማኅበር እናቋቁም አልልም። ያለው ይበቃል፤ ገብቶ ድምፅ መስጠት ነው።

አንድ አስቸኳይ ነገር ግን አለ፤ እሱም የጣሪያ ጉዳይ ነው። በየመንደሩ ትልልቅ ሕንፃ የገዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጂዶችና የመረዳጃ ማኅበራት አሉን። በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግብር የማይከፍሉ ድርጅቶችም ከፀሐይ ተከላ ወጪያቸው 30 በመቶውን በጥሬ ገንዘብ እንዲመለስላቸው ፈቅዶ ነበር። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግን በሩን አጠበበው፦ ግንባታው እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ካልተጀመረ፣ በ2027 መጨረሻ አልቆ ሥራ መጀመር አለበት። ጣሪያችን ጠንካራ ነው ወይስ መታደስ አለበት? የሕንፃው ዕዳ ውል ይፈቅዳል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለማጣራት ብቻ ወራት ይፈጃል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ፣ የምግብ ዝግጅት ኮሚቴው ሪፖርት ከመቅረቡ በፊት፣ አንድ ሰው እጁን ቢያወጣና ቢያነሣው ጥሩ ነው።

የዳኮታ ኤሌክትሪክ አባላት ደግሞ፦ የምርጫው ፖስታ በየዓመቱ የሚመጣው በረዶው ሲቀልጥ፣ በጸደይ ነው።