ቈጣሪና ተቈጣጣሪ

ከተማሪዎቼ አንዱ በቀደም ዕለት «መምህር፣ አባቴ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ፤ ከእንግዲህ ሥራ የለበትም» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀው። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። በኋላ ግን ነገሩን ሳሰላስለው ልጁ የተናገረው የራሱን ሐሳብ ሳይሆን የአገሩን ሐሳብ ሆኖ አገኘሁት። ተቈጣጣሪ ማለት በብዙዎቻችን ዘንድ ሌላው ሲሠራ ቆሞ የሚያይ፣ ደብተር ይዞ የሚመጣ፣ ፈርሞ ውሎ አበሉን ተቀብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ከእናንተ ከአንባብያን መካከል ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ የሆናችሁ ነገ በየወረዳው በዚሁ ስም የምትጠሩ ብዙዎች ስለ ሆናችሁ፣ በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ዓይነት ተቈጣጣሪ ላጫውታችሁ አሰብሁ፤ ይኸውም በገጠር ቀበሌ የአካባቢ ጤና ሥራን ስለሚከታተለው ነው።

ሰዋስው የሚያስተምር አንድ ባልደረባዬ «ተቈጣጠረ» የሚለው ግስ ከ«ቈጠረ» የወጣ ነው ይላል። ቢሆንም፣ ይላል፣ «ተቈጣጠረ» ውስጥ እርስ በርስ የመተሳሰብ ነገር አለበት፤ የሚቈጥረው ሰው ራሱም ይቈጠራል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ስለ ሆንሁ በሰዋስው አልከራከረውም። ወደ ኋላ የምለው ነገር ግን ይህን ቃል ያስታውሰኛል።

ሥራው በአገራችን አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7 ሺህ የሚገመት ሰው ፈጀ። በተከታዩ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ ብልሃት ባለሙያዎቹን ለየብቻ አለማሠልጠኑ ነበር፤ የጤና መኰንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ያን ጊዜ ሳኒታሪያን ይባል የነበረው የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አብረው እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ ይማሩ ነበር። በ2003 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ ተቈርጦላቸው በጤና ኬላ ተመደቡ። ሲጀመር ከነበሩት 16 ጥቅሎች 7ቱ የንጽሕናና የአካባቢ ጤና ጉዳዮች ነበሩ፤ ሽንት ቤት፣ ደረቅና ፈሳሽ ቆሻሻ፣ የመጠጥ ውሃ፣ የምግብ ንጽሕና፣ የመኖሪያ ቤት አያያዝ፣ የግል ንጽሕና፣ ነፍሳትና አይጥን መከላከል። በዚህ አሠራር አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ፤ ይህም ወደ 25 ሺህ ሰው ነው። በጤና ጣቢያውና በአምስቱ ኬላዎች መካከል የሚመላለሰው ሰው ነው እንግዲህ የዛሬው ባለጉዳያችን።

የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። በየካቲት የትምህርት ዕረፍት ጊዜ ልጠይቀው ሄጄ «ና፣ ሥራ የለውም የምትሉትን ሰው ሥራ እይ» ብሎ በሞተሩ ጀርባ አፈናጥጦ ወሰደኝ። የምንሄድበት ቀበሌ በሪፖርቱ መቶ በመቶ ሽንት ቤት አለው የተባለ፣ በሳምንቱ ሐሙስ «ከሜዳ መጸዳዳት ነጻ» ተብሎ ባንዲራ ሊሰቀልለት የተዘጋጀ ቀበሌ ነበር። የጎደለው የእርሱ ፊርማ ብቻ ነው።

ሊቀ መንበሩ በመንገዱ ዳር ያሉትን ቤቶች ሊያሳዩን ተዘጋጅተው ጠበቁን። የአክስቴ ልጅ አመስግኖ «እነዚህንስ ዐውቃቸዋለሁ» አለና ወንዙን ተሻገረ። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ቤንዚን በሰፈር ስለሚመጣ ተቈጣጣሪ የሚሄደው ሞተር እስከሚሄድበት ድረስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በመንገድ ዳር ያለ ቤት በዓመት ዐሥር ጊዜ ሲጐበኝ ከወንዝ ማዶ ያለው አንድ ጊዜም አይታይም።

ከወንዙ ማዶ የመጀመሪያው ቤት የአንዲት አሮጊት ነበር። ሽንት ቤቱ ክዳኑ ያማረ፣ በሩ የተገጠመ ነው። እኔ ብሆን «አለ» ብዬ ምልክት አድርጌ አልፌ ነበር። እርሱ ግን ደብተሩን ሳያወጣ «እናቴ፣ ሽንት ቤትዎን ልጠቀምበት ይፈቅዱልኛል?» አላቸው። አሮጊቷ አፈሩ፤ ከዚያም ሣቁና «እሱስ የመንግሥት ነው ልጄ» አሉ። በሩን ስንከፍት በጭድ ላይ የተቀመጠች ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

«መሬቱን እይ» አለኝ። ሰው የሚመላለስበት ሽንት ቤት ዱካ አለው፤ እዚህ ሣሩ አልተረገጠም። በበሩ ጕበን ላይ ሸረሪት አድርቷል። አመድ የለም፤ ለእጅ መታጠቢያ ተብላ የተሰቀለችው ጄሪካን ደርቃ ተሰንጥቃለች። ይህን ሁሉ ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጐንበስ ማለት ብቻ ነው። ሆኖም እስከዚህ ድረስ ያደረገው ነገር ለእኔ የጥሩ ፖሊስ ሥራ ነበር። ተቈጣጣሪነቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ይኸውም ከእሳቸው ጋር መደቡ ላይ ተቀምጦ «ለምን?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ።

አሮጊቷ መለሱ። አገሩ ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ አፈሩ ይርሳል፣ የጉድጓዱ አፍ ይናዳል፤ ዐምና የጎረቤታቸው ሽንት ቤት ከነወለሉ ሰምጦ ፍየል ገባበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆች አንደርስም አሉ፤ እሳቸውም አልፈረዱባቸውም። እኔም አልፈርድባቸውም። በእጃችን የነበረው ቅጽ ግን «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው የሚለው፤ «ለምን» የምትል አንዲት ሣጥን የለችበትም። ዋልካ ላይ የሚቈፈር ጉድጓድ የላይኛው ወገን በድንጋይ መገንባት፣ አፉ ከመሬት ከፍ ማለት፣ ዙሪያውን ውሃ መውረጃ ቦይ መቈፈር አለበት። ይህን የሚያውቅ ሰው ሳይነግራቸው ሽንት ቤት ስላልተጠቀማችሁ ተብለው ቢሰበኩ ምን ይሆናል?

ከዚያ ወደ ምንጩ ወረድን። ምንጩ በሲሚንቶ የጎለበተ፣ ሁለት ቧንቧ ያለው ነው። የአክስቴ ልጅ ከምንጩ ራስ ተነሥቶ ዳገቱን እየቈጠረ ወጣ። በ22 እርምጃ አንድ ሽንት ቤት ላይ ደረሰ። ከውሃ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ በቁልቁለቱም ወገን መሆን የሚገባው፣ በዘመቻው ጥድፊያ ከምንጩ በላይ ተቈፍሯል። በቅጹ ላይ ያ ሽንት ቤት አንድ ተብሎ ተቈጥሯል፤ ለምንጩ ግን ከመኖሩ አለመኖሩ ይሻለው ነበር።

እዚህ ላይ የታሪክ አስተማሪነቴ አላስቀመጠኝም። በ1854 በሎንዶን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሠፈር ኮሌራ ገብቶ በዐሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ጨረሰ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤት እየተከታተለ በሽታው በብሮድ ጎዳና ካለው የውሃ ጉድጓድ እንደሚመጣ ስላስረዳ የመቅጃው እጀታ ተነቀለ። ይህን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰምተነዋል። ያልሰማነው ተከታዩን ነው። ጉድጓዱ ተከፍቶ ሲመረመር በግንቡ ላይ አንድም ቀዳዳ አልተገኘም፤ ምርመራውም ንጹሕ ነው ብሎ አለፈ። የሠፈሩ ወጣት ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ግን፣ መጀመሪያ ስኖውን ያላመነ ሰው ሲሆን፣ ምእመናኑን ስለሚያውቅ ከቤት ቤት እየገባ ይጠይቅ ጀመር። በመጨረሻም በ40 ቊጥር ቤት አንዲት ሕፃን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድማ ታማ እንደ ነበር፣ እናቷም የጨርቋን እጣቢ ከቤቱ ፊት ባለው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ እንደ ነበር ደረሰበት። በ1855 ቦታው ሲቈፈር የቆሻሻው ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ግንቡም በስብሶ ወደ ውሃው ያንጠባጥብ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች አልዋሹም። ያዩት ጉድጓዱን ብቻ ነው፤ ሴትዮዋን አልጠየቋትም።

ወደ ቀበሌያችን ልመለስ። ጤና ኬላው ደርሰን የአክስቴ ልጅ ያየውን ሲናገር የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፊቷ ጠቈረ። ልጅቷ የሃያ ሦስት ዓመት ብትሆን ነው። ሊቀ መንበሩ «ወረዳው ለሐሙስ ቀጥሮናል፤ እንግዳ ተጠርቷል፤ በሬ ተገዝቷል» አሉ። ነገሩ ሁሉ በእርሷ ላይ ሊወድቅ እንደ ሆነ ለእኔ ለእንግዳው እንኳ ይታወቀኝ ነበር። እርሷ ግን ተነሥታ ከመደርደሪያው ማኅደር አወረደችና «ጋሼ፣ ስለ ዋልካው ሁለት ጊዜ ጽፌ ነበር፤ መልስ አላገኘሁም» ብላ ሰጠችው።

የአክስቴ ልጅ ደብዳቤዎቹን ሁለት ጊዜ አነበባቸው። ሁለቱም በእርሱ ስም የተጻፉ ናቸው። አንደኛውን ተቀብሎ ማኅደር ውስጥ አስገብቶታል። ያለፈውን ሩብ ዓመት ሪፖርት፣ መቶ በመቶ የሚለውን፣ ከቢሮው ሳይነሣ የፈረመውም እርሱ ነው። ይህን ሁላችንም ፊት ተናገረ። ከዚያም ያየውን ልክ በልክ ጻፈ፤ ሽንት ቤት ያላቸው ስንት፣ የሚጠቀሙበት ስንት፣ ከምንጭ በላይ ያሉት ስንት እንደ ሆኑ። ከሥሩም «ያለፈው ሪፖርት ስሕተት ነበር፤ ኀላፊነቱ የእኔ ነው» ብሎ ፈረመ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመንገድ ስንመለስ «ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ምን አስጨመረህ?» ብዬው ነበር። ሞተሩን ሳያቆም «እሷ እንድትቀጣ ነው የምትፈልገው?» አለኝ። እኔም ዝም አልሁ።

ሐሙስ ባንዲራው አልተሰቀለም። በሬው ግን ታርዷል። የአክስቴ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ለምን ማብራሪያ በጽሑፍ እንደማያቀርብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሰው፤ በዚያው ዓመት ሊሄድበት የነበረውም ሥልጠና ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑለት ሳይሆን ሥራው ዋጋ እንደሚያስከፍል አስቀድማችሁ እንድታውቁ ነው።

ሐምሌ ላይ ስልክ ደወለልኝ። ከምንጩ በላይ የነበረው ሽንት ቤት ተደፍኖ በቁልቁለቱ ወገን ሌላ ተቈፍሯል። ዐሥራ አንድ ጉድጓድ አፋቸው በድንጋይ ተገንብቷል፤ ዝናቡ ሁለቱን አፍርሷል፣ ዘጠኙ ቆመዋል። አሮጊቷ ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ ወደ ማድ ቤት አዛውረዋታል። ሠራተኛዋ ደግሞ ሦስተኛ ደብዳቤ ጽፋለታለች፤ አሁን የምትጠይቀው ሲሚንቶ ነው።