ስለ ከተማ ጥንቃቄ፤ አደጋ ሳይደርስ ሊሠራ ስለሚገባው ሥርዐት

ሰው ብቻውን ከመኖር ይልቅ ባንድነት ተሰብስቦ ከተማ ሠርቶ መኖርን የመረጠበት ዋና ምክንያት እርስ በርሱ ለመረዳዳት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ረዳት የሚሰበሰብበት ስፍራ አደጋም የሚሰበሰብበት መሆኑን ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ተራርቀው በተሠሩ የገጠር ቤቶች መካከል አንዱ ቢቃጠል የሚጠፋው አንድ ቤት ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ በተሠራ የገበያ ሰፈር ግን ካንድ ምድጃ የወጣ ፍንጣሪ መቶውን ሱቅ ያነዳል። ስለዚህ ከተማ የሚያስተዳድር ሹም መንገድ በማስጠረግና ግብር በመሰብሰብ ብቻ ሥራውን ፈጸመ አይባልም። በሌሊት በድንገት እሪ ሲባል ማን እንደሚነሣ፣ ማን እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚታዘዝ በቀን ብርሃን ወስኖ ማስቀመጥ ከሥራው ሁሉ የሚቀድም ነው።

ስለዚህ ነገር ለመናገር ደብረ ታቦርን ምሳሌ አድርገን መርጠናል። ይህች ከተማ በራስ ጉግሣ ዘመን ተቈርቍራ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ሆና፣ ዛሬም የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከ55,000 የሚበልጥ ሰው ተገኝቶባት ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተከፈተባትና ከገጠሩ የሚገባው ሰው ስለ በዛ ነዋሪዋ እጅግ ጨምሯል። ከከተማይቱ ወዲያ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ይታያል፤ ከርሱም ርብና ጉማራ ወርደው የፎገራን ሜዳ እያጠጡ ወደ ጣና ይገባሉ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በገሳይና በነፋስ መውጫ ዐልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ እህሉንም፣ መድኃኒቱንም፣ መንገደኛውንም የሚያመላልስ ዋና መንገድ ነው። እንግዲህ ተራራው፣ ወንዙና መንገዱ ለዚያ አገር በረከት እንደ ሆኑ ሁሉ የአደጋ መምጫም ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህንም የምንለው በግምት አይደለም። በ1997 ዓ.ም በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው ትኩሳት እየያዘው ሲከሳና ሲሞት፣ በመጀመሪያ ነገሩ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ በደኅና ሲመረመር ግን ካላ አዛር የሚባለው፣ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ክፉ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሥራ ወርደው የሚመለሱ ሰዎች ሳያመጡት እንዳልቀረ ይታሰባል። በሽታው ስሙ እስኪታወቅ ድረስ በዘገየው ጊዜ የሞቱት ሰዎች በበሽታው ብቻ ሳይሆን በመዘግየቱም ሞቱ ቢባል ሐሰት አይደለም። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1998 ዓ.ም ክረምት፣ ርብና ጉማራ ከወሰናቸው ወጥተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቀሉ። ከዚያ ወዲህ በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ነገር ግን በ2012 ዓ.ም ክረምት በጣና ዙሪያ ያሉ ወረዳዎች እንደ ገና በጎርፍ ተጐድተዋልና፣ ግድብ ብቻውን ሥርዐትን እንደማይተካ ተገልጧል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ በጋይንት በኩል መጥቶ ነፋስ መውጫ በተያዘች ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ደብረ ታቦር ሸሸ፤ ከተማይቱም ራሷ በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱባት።

አንዱ በሽታ፣ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ጦርነት ነው። መልካቸው ቢለያይም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ የሰው ነፍስ የምትድነው ወይም የምትጠፋው ከሩቅ ርዳታ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያንም ጊዜ በእጁ የያዘው በስፍራው ያለው ሹምና በስፍራው ያለው ሕዝብ ነው እንጂ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የሚነሣው አይደለም። ከዚህም በላይ ባለፉት ዓመታት በክልሉ በደረሰው የጸጥታ መታወክ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ርዳታ ከሌላ ከተማ ይመጣልኛል ብሎ የሚጠብቅ ከተማ ተስፋውን በማይረጋ ነገር ላይ ጥሏል ማለት ነው።

ባገራችን ለአደጋ ጊዜ የቆመው መሥሪያ ቤት አመጣጡን ብንመለከት ጕድለቱ ከየት እንደ መጣ እንረዳለን። የወሎና የትግራይ ሕዝብ በረኃብ ካለቀ በኋላ በ1966 ዓ.ም የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም አደጋን ስለ መከላከል ፖሊሲ ወጣ፤ በ2005 ዓ.ምም አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ አስቀድሞ ሥጋቱን መቀነስ ይገባል የሚል ሌላ ፖሊሲ ተተካ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ የተወለደው ከድርቅ ነውና ልማዱም የድርቅ ልማድ ሆኖ ቆየ። ድርቅ ከመግደሉ አስቀድሞ ወራት ይሰጣል፤ ችግረኛው ይቈጠራል፤ ወረቀቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል፤ እህሉም በዚያው መንገድ ይወርዳል። የከተማ አደጋ ግን ወራት አይሰጥም። ቃጠሎ ደብዳቤ እስኪፈረም አይጠብቅም።

ደግሞም እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከተማ የዞኑም መሥሪያ ቤት፣ የከተማውም አስተዳደር ባንድ ስፍራ ተቀምጠዋል። ይህ በደኅና ጊዜ ጥቅም አለው፤ በጭንቅ ጊዜ ግን አስቀድሞ ካልተለየ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሥራው ይቀራል፤ ወይም ሁለቱ ሁለት ትእዛዝ ይሰጡና ታዛዡ ይናወጣል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሹም ራሱን ይህን ይጠይቅ፤ ዛሬ ሌሊት በስምንት ሰዓት በገበያው ሰፈር እሳት ቢነሣ መብራት ይቈረጥ ብሎ የሚያዝ ማን ነው? የውሃውን ቦቴ የሚያስነሣ ማን ነው? መንገዱን የሚያስከፍት ማን ነው? እርሱ ባይኖርስ ማን ይተካል? መልሱን ወዲያው ሊናገር የማይችል ቢሆን፣ ሥራው ገና አልተጀመረም።

የሥርዐት መጕደል ምን እንደሚያመጣ ያገራችን የቅርብ ታሪክ ያስተምራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ተንዶ ሰው በቀበረ ጊዜ፣ ጎረቤቶቹ በርኅራኄ ሮጠው ሲቈፍሩ መሬቱ ሁለተኛ ተናደና እነርሱንም ቀበራቸው፤ የሞቱት ከ220 በለጡ። ርኅራኄ አልጐደለም፤ የጐደለው አፈሩ እስኪረጋ ቁሙ የሚል፣ ሰውም የሚሰማው አንድ አዛዥ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት ድሬዳዋን ሌሊት የመታት ጎርፍ ከ200 የሚበልጥ ሰው የገደለ፣ ዝናቡ በደጋው ዘንቦ ውሃው በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከተማይቱ ተኝታ ሳለች ስለ ደረሰባት ነው። ጉና ላይ የሚዘንበውም ዝናብ ለፎገራ እንዲሁ ነውና፣ በተራራው ግርጌ ያሉ ቀበሌዎች ወደ ወረታ የሚደውሉበት ስልክና የሚደውለው ሰው ስም ቢወሰን ወጪው ኢምንት፣ ጥቅሙ ግን የብዙ ሰው ነፍስ ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የተለየ የእሳትና የአደጋ ሥጋት ኮሚሽን አላት፤ 939 ብሎ የሚደውልም ሰው የሚመልስለት ያገኛል። እንዲህም ሆኖ በጥቅምት 2017 ዓ.ም በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪናዎች ብርቱ እንቅፋት ሆነ። መኪና ብቻ መግዛት እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን። በጥር 2012 ዓ.ም ደግሞ በጎንደር በፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ፈርሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። ይህ የመጨረሻው ነገር ካህናትን በተለይ የሚመለከት ነው፤ ሕዝቡ የተሰበሰበው ለበዓል ነበርና።

በጥንት ዘመንም አውግስጦስ ቄሳር የሮሜ ከተማ በእሳት እየተጐዳች ባስቸገረችው ጊዜ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ6 ዓ.ም፣ ሌሊት የሚጠብቁና እሳት የሚያጠፉ ሰባት ጭፍሮች አቆመ። ከተማይቱ በ14 ክፍል ተከፍላ ነበርና ለየሁለቱ ክፍል አንድ ጭፍራ ሰጠ። በዚህም አከፋፈል እሳት ቢነሣ ማን ይሂድ ተብሎ የሚጠየቅበት ነገር አልቀረም። የጥበቡ ዋና ነገር የጭፍራው ብዛት ሳይሆን ክፍሉ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

እንግዲህ ለደብረ ታቦርና እርሷን ለሚመስሉ ከተማዎች የሚበጅ መስሎ የታየንን ከዚህ ቀጥለን እናመለክታለን።

አንደኛ፤ በከተማው ክልል ለሚደርስ አደጋ አዛዡ አንድ ሰው ይሁን፤ እርሱም ከንቲባው ቢሆን ይገባል። እርሱ ባይኖር የሚተካው ሰው፣ ያም ባይኖር ሦስተኛው፣ በስማቸው ይጻፉ። ዞኑ ይርዳ እንጂ ትእዛዙን አይከፋፍል።

ሁለተኛ፤ በከተማው ያለው ኀይል ሁሉ በመዝገብ ይግባ። የሆስፒታሉ አምቡላንስ፣ የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ፣ የመንገድ ሥራ ድርጅቶች ዶዘርና ገልባጭ መኪና፣ የውሃው ቦቴ፣ የያንዳንዱም ነጂ ስምና የሌሊት ስልክ ባንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ በአዛዦቹ ሁሉ እጅ ይገኝ።

ሦስተኛ፤ ምልክት ይወሰን። መብራትና ስልክ በሚጠፋበት ሌሊት ለሁሉ የሚሰማ ድምፅ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ነው። ከጸሎት ደወል ተለይቶ የሚታወቅ የአደጋ ደወል በካህናቱና በሹማምንቱ ስምምነት ይደንገግ። ዕድሮችም የመንደራቸውን ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃሉና፣ ዐይነ ስውሩን፣ የአልጋ ቍራኛውን፣ ጧሪ የሌላትን ባልቴት ማን ደግፎ እንደሚያወጣ አስቀድመው ይከፋፈሉ።

አራተኛ፤ በገበያው መካከል ለእሳት አደጋ መኪና የሚበቃ መንገድ ሳይዘጋ ይጠበቅ። በጥምቀትና ጥር 25 ቀን ፈረሰኛው በሚሰበሰብበት በቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል የሚሠራ መቀመጫ ሁሉ በባለሙያ ሳይመረመር ሰው አይውጣበት።

አምስተኛ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ በግንቦትና ድርቆሽ በሚበዛበት በኅዳር፣ የተጻፈው ሁሉ በሥራ ይፈተን። ከፈተናውና ከእውነተኛውም አደጋ በኋላ ምን እንደ ዘገየና ለምን እንደ ዘገየ ሳይሸሸግ ይጻፍ። ጥፋትን የሚሸፍን ዘገባ ለሚመጣው አደጋ መንገድ የሚጠርግ ነው።

ምናልባት ኮሚቴ አለን፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። አደጋ ከደረሰ በኋላ ለመምከር የሚሰበሰብ ኮሚቴ ጥፋትን ይቈጥራል እንጂ ጥፋትን አይከለክልም። ገንዘብ የለንም የሚልም አይጠፋም። ከላይ ከጻፍነው ውስጥ የሚበዛው ብራናና ቀለም ያህል እንጂ ብዙ ወርቅ የሚፈልግ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን የሴባስቶፖልን መድፍ በገደልና በሸለቆ መካከል መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ ያደረሱት የሥራ ክፍል ለያንዳንዱ ጭፍራ ስለ ተሰጠ ነው፤ ያለ ሥርዐት ያ ሁሉ ሕዝብ ቢሰበሰብ አንድ ክንድም ባልተነቃነቀ ነበር። በዚያው በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ደብረ ታቦር በንጉሡ ትእዛዝ ተቃጠለች፤ ዛሬ በሹም ዝንጋታ ብትቃጠል ግን የሚመካኝበት አይኖርም።

አደጋ የእግዚአብሔር ቍጣ ነውና ሰው ምን ያደርጋል ለሚልም፣ መጻሕፍትን የሚያውቁ ካህናት መልሱን ከእኛ ይልቅ ያስረዳሉ። ኖኅ መርከቡን የሠራው ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ዮሴፍ ጐተራውን የሞላው በጥጋቡ ዘመን ነው። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ባሠራ ጊዜ ብዙዎቹን በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እንዲሠሩ አደረገ፤ ሥራውም በ52 ቀን ተፈጸመ። እነዚህ ሁሉ በእግዚአብሔር የታመኑ ነበሩ፤ መታመናቸውም እጃቸውን አላሰረም።

ስለዚህ ሹማምንት ክረምት ሳይገባ ወረቀቱን ጽፈው እንዲፈርሙ፣ ካህናትም ከዐውደ ምሕረት ላይ ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አደራ እንላለን። አንድ ሌሊት ደወሉ በተደወለ ጊዜ ሰው ሁሉ ምን ላድርግ ብሎ ሳይጠይቅ ወደ ተመደበበት የሚሄድባት ከተማ፣ እርሷ በእውነት አስተዳዳሪ አላት።